ስትጮኽ ማን ደረሰላት?

በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ፣ ልጆቻችን ስለሚያዩዋቸው የጨለሙ የጀግና ታሪኮች የቀረበ ንግግር

የዛሬው ቁጠባ ተሰብስቦ መዝገቡ ስለተዘጋ፣ ቡናው ከአቦል ወደ ቶና እስኪሻገር ድረስ ጥቂት አዳምጡኝ።

ባለፈው ወር የልጅ አስተዳደግ ጉዳይ ሲነሳ ብዙዎቻችሁ ያነሳችሁት አንድ ነገር ነበር። ልጆቹ ፍላሽ ላይ እያስጫኑ፣ በስልክም እየተቀባበሉ የሚያዩት የጀግና ፊልም ከቀን ወደ ቀን እየከፋ መጣ፤ ደሙ በዛ፣ ሬሳው በዛ፣ ጀግናውና ወንበዴው አልለይ አሉን ነበር ያላችሁት። ግማሾቻችሁ "ጨርሶ እንከልክል" ስትሉ፣ ሌሎቻችሁ "ፊልም አይደል እንዴ፣ ምን ያመጣል" አላችሁ። እኔ በትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ስለምሠራ፣ ልጆቹም ስለነዚህ ነገሮች ሲያወሩ ስለምሰማ፣ አጥንቼ እንድመጣ አዘዛችሁኝ። ይኸው መጣሁ።

የምለውን ከመጀመሪያው ልናገር። ጨለማ ያለበት ታሪክ ሁሉ ለልጅ መጥፎ አይደለም። መጥፎው፣ ሰው ሲጎዳ ማንም የማይደርስበት፣ የተጎዳውም ሰው ከዚያ በኋላ የሚረሳበት ጨለማ ነው። ስለዚህ ደሙን ከመቁጠር ይልቅ ሁለት ጥያቄ እንያዝ። ስትጮኽ ማን ደረሰላት? ከዚያ በኋላስ እሷ ምን ሆነች?

ጀግናው ሲጀምር

ልጆቻችን የሚያዩዋቸው አብዛኞቹ ልዕለ ኃያል ጀግኖች ከፊልም በፊት በአሜሪካ ኮሚክ መጻሕፍት፣ ማለትም በሥዕል በሚነገሩ ቀጫጭን መጽሔቶች ላይ የተወለዱ ናቸው። የሁሉም በኩር የሚባለው ሱፐርማን የወጣው እ.ኤ.አ. በ1938 ነው። ፈጣሪዎቹ ጄሪ ሲገልና ጆ ሹስተር የሚባሉ ሁለት ወጣቶች ነበሩ።

በዚያ በመጀመሪያው እትም ላይ ሱፐርማን ምን ሲሠራ እንደታየ ታውቃላችሁ? ከሰማይ የመጣ ጭራቅ አልገጠመም። ባልፈጸመችው ወንጀል ሞት የተፈረደባትን ሴት ለማዳን እውነተኛዋን ገዳይ አስሮ ወደ አገረ ገዢው ቤት ይዞ ሄደ። ቀጥሎ ደግሞ ሚስቱን ከሚደበድብ ሰው ቤት ገብቶ ደብዳቢውን አስጣለ። ዘመኑ አሜሪካውያን በሥራ አጥነትና በችግር የተመቱበት ነበር። ታሪኩ ያንን ችግር አልደበቀም፤ ግድያም ድብደባም አለበት። ግን ሴትየዋ ስትጮኽ የሚደርስላት አለ።

በሚቀጥለው ዓመት የመጣው ባትማን ደግሞ ወላጆቹ ዓይኑ እያየ የተገደሉበት ልጅ ነው። ይህም ጨለማ ነው። ነገር ግን ወላጅ ያጣ ልጅ ይህን ታሪክ ሲያገኝ "እንደኔ የሆነ ሌላም አለ" ይላል። ከመካከላችን ወላጅ አልባ ልጆችን የምታሳድጉ እህቶች ይህን ከኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ሐዘንን ስሙን ጠርቶ የሚናገር ታሪክ አንዳንድ ጊዜ ከማጽናኛ ቃል ይበልጣል።

መከልከል ተሞክሯል

"ጨርሶ እንከልክል" ላላችሁት፣ ይህ ነገር ተሞክሮ ያውቃል። ከ1940ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በአሜሪካ ወላጆችና አስተማሪዎች እንደኛው ተጨነቁ። በአንዳንድ ከተሞች መጽሔቶቹ ተሰብስበው ተቃጠሉ። በ1954 ፍሬድሪክ ወርተም የተባለ የአእምሮ ሐኪም ኮሚክ ልጆችን ወንጀለኛ ያደርጋል የሚል መጽሐፍ አወጣ። የአገሪቱ ሴኔትም ጉዳዩን በይፋ መረመረ። አሳታሚዎቹ ፈርተው በዚያው ዓመት የራሳቸውን ጥብቅ ደንብ አወጡ። በደንቡ መሠረት ሁልጊዜ ደግ ማሸነፍ አለበት፣ ክፉ መቀጣት አለበት፣ የሚያስፈራ ነገር በርዕስ ላይ እንኳ አይጻፍም።

ውጤቱ ምን ሆነ? ለብዙ ዓመታት ታሪኮቹ ጣዕም አጡ። ደም ብቻ ሳይሆን እውነተኛ ችግርም አብሮ ጠፋ። የወርተምም ማስረጃ ንጹሕ አልነበረም። ካሮል ቲሊ የምትባል የቤተ መጻሕፍት ሙያ ምሁር ከዓመታት በኋላ የግል ማኅደሮቹን አገላብጣ፣ ልጆቹ የነገሩትን እየቆራረጠና እያጋነነ እንደጻፈ አሳየች። ይህን የማነሳው የእናት ጭንቀት ከንቱ ነው ለማለት አይደለም። ልጆቻችንን በማጋነን ልንጠብቃቸው አንችልም ለማለት ነው። ያላየነውን ፊልም "ሰይጣን ነው" ብንላቸው፣ ልጁ አይቶት ሰይጣን ካላገኘበት በሚቀጥለው ጊዜ አይሰማንም።

መብራቱ ሲጠፋ

ከዚያ ነገሩ ተገለበጠ። በ1986 ሁለት ዝነኛ ሥራዎች ወጡ። አንደኛው ፍራንክ ሚለር ያረጀና የመረረ ባትማን የሳለበት ነው። ሁለተኛው አለን ሙር ጽፎት ዴቭ ጊበንስ የሳለው "ዎችመን" ነው። ሁለቱም ለአዋቂ የተጻፉ ጠንካራ ሥራዎች ናቸው። "ሥልጣን የያዘውን ጀግና ራሱን ማን ይቆጣጠረዋል?" የሚል ጥያቄ ያነሳሉ። ከኋላቸው የመጡ ብዙዎች ግን ጥያቄውን ትተው ጭካኔውን ብቻ ወረሱ። መራራ መሆን ብስለት መሰላቸው።

ይህ ጨለማ ደግሞ በሁሉም ላይ እኩል አልወደቀም። እዚህ ላይ በተለይ ልብ በሉልኝ። በ1988 አለን ሙር በጻፈው ሌላ ታሪክ ውስጥ ጆከር የሚባለው ክፉ ሰው ባርባራ ጎርደን የምትባለውን ጀግና በሯን ስትከፍት ተኩሶ ይመታታል። ከወገቧ በታች ሽባ ትሆናለች። የመታት ከእሷ ጋር ጠብ ስላለው አይደለም። አባቷን ለማሳበድ ነው። ታሪኩ የጆከር፣ የባትማንና የአባቷ ነው። የእሷ አካል ወንዶቹ የሚነጋገሩበት ዕቃ ሆነ። ጸሐፊው ራሱ በኋላ ነገሩ ከልክ ያለፈ እንደነበር ተናግሯል።

በ1994 በወጣ ሌላ ታሪክ ደግሞ አንድ ጀግና ወደ ቤቱ ሲገባ የሚወዳት ሴት ተገድላ ማቀዝቀዣ ውስጥ ተከታ ያገኛታል። አሌክሳንድራ ትባላለች። ሞቷ የሚያገለግለው እሱን ለማናደድ ነው። ተናደደ፣ ተዋጋ፣ ታሪኩ ቀጠለ። እሷ ግን በዚያው ቀረች።

ይህን አይታ ዝም ያላለች አንዲት ሴት ነበረች። ጌል ሲሞን ትባላለች፤ በዚያን ጊዜ ሥራዋ ፀጉር መሥራት ነበር። በ1999 በእነዚህ መጻሕፍት ውስጥ የተገደሉ፣ የተደፈሩ፣ አካላቸው የጎደለ ወይም ኃይላቸውን የተነጠቁ ሴቶችን ስም በዝርዝር ጽፋ አወጣች። ለዝርዝሩም ስም የሰጠችው በዚያ ማቀዝቀዣ ነው። ጥያቄዋ ቀላል ነበር፤ ለምንድን ነው ሁልጊዜ እነሱ? ደራሲዎቹም መልስ ለመስጠት ተገደዱ። ፀጉር ሠሪዋ ራሷ በኋላ የታወቀች የኮሚክ ጸሐፊ ሆነች።

የባርባራም ነገር በዚያ አልቀረም። ኪም ዬል የምትባል ጸሐፊ ከባሏ ከጆን ኦስትራንደር ጋር ሆና፣ ሽባ የሆነችውን ባርባራን በ1989 እንደገና አመጣቻት። በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ኮምፒውተር ይዛ፣ ለሌሎች ጀግኖች መረጃ የምትሰጥ ብልህ ሴት ሆነች። ጉዳቱ አልተሰረዘም፤ በተአምርም ወዲያው አልተነሳችም። ነገር ግን "ከዚያ በኋላ እሷ ምን ሆነች?" ለሚለው ጥያቄ መልስ ተገኘ። ብዙ አካል ጉዳተኛ አንባቢዎችም ራሳቸውን ያዩባት እሷ ሆነች።

ባለፈው ሰሞን አንድ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ያየውን ፊልም ሲተርክልኝ የጀግናውን ስም ነገረኝ፣ የገዳዩንም ስም ነገረኝ። ገዳዩ የገደላትን ሴት ስም ስጠይቀው ግን ዝም አለ። "ሚስቱ ናት መሰለኝ" አለኝ። እኔን የሚያስፈራኝ ደሙ ሳይሆን ይህ ነው። ወንድ ልጃችን ለሐዘን ያለው መልስ ቁጣ ብቻ እንደሆነ ይማራል። ሴት ልጃችን ደግሞ የእሷ ሕመም ለሌላ ሰው ታሪክ ማሟያ እንደሆነ ትማራለች።

የእኛ ተረት ጨለማ የለውም?

"የኛ ድሮ ተረት ግን ንጹሕ ነበር" የምትሉ እናቶች አትቆጡኝ። ተረት ተረት፣ የላም በረት ብለን ስንጀምር ቀጥሎ የሚመጣው ጅብ ነው፣ ጭራቅ ነው፣ ክፉ እንጀራ እናት ናት። በኦሮምኛውም ኦዱ ዱሪ እንዲሁ ነው፤ የሚበላና የሚበላ አይጠፋበትም። አባባ ተስፋዬም፣ እኚህ ባሌ የተወለዱት ትልቅ ሰው፣ በቴሌቪዥን ለአራት አሥርት ዓመታት ያህል ተረት ሲነግሩን ጅቡን አላስቀሩትም።

ልዩነቱ ሌላ ቦታ ላይ ነው። አንደኛ፣ ተረቱ የሚነገረው በሰው አፍ ነው። ልጁ ሲፈራ ነጋሪዋ ታያለች፣ ድምፅዋን ትቀንሳለች፣ ትስቅለታለች። ሁለተኛ፣ መውጫ መንገድ አለው። የእንጀራ ልጇ አልቀርባት ያለችውን ሴት ታስታውሳላችሁ? አዋቂው ሰው የአንበሳ ፀጉር አምጪ ብሎ ላካት። በየቀኑ ሥጋ እየያዘች፣ በየቀኑ አንድ እርምጃ እየቀረበች ሄደች። አንበሳው እውነተኛ አንበሳ ነው፤ ሊበላት ይችላል። ግን ልጁ ፍርሃትን በእርምጃ እንዴት እንደሚቀርቡት ተምሮ ይተኛል። ሦስተኛ፣ ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ ስንል ታሪኩ ይዘጋል። ጅቡ ተረቱ ውስጥ ይቀራል እንጂ ከልጁ ጋር አልጋ ላይ አይወጣም። ስልኩ ግን አንዱ ሲያልቅ ሌላውን ራሱ ይከፍታል።

ሲንቄና ኡኡታ

እዚህ አርሲ ውስጥ ለእናንተ ስለ ሲንቄ ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ነው። እናት ልጇን ስትድር የምትሰጣት ያች ቀጭን በትር ለውጊያ አልተሠራችም። ሴት በተለይ አራስ ሆና ከተመታች ወይም ከተዋረደች ትጮኻለች። ጩኸቱን የሰማች ሴት ሥራዋን ጥላ፣ ሲንቄዋን ይዛ ትወጣለች። ተሰብስበው ወደ በዳዩ ደጅ ይሄዳሉ። ሽማግሌ ይገባል፣ በዳዩ ጥፋቱን አምኖ ይቅርታ ይጠይቃል፣ ካሳ ይከፍላል። ሁለት ወገን ሲጣላም ሲንቄ የያዙ ሴቶች መሀል ከቆሙ ጠቡ መቆም አለበት። ዛሬ ስሟን ባንክ ሳይቀር ይጠራበታል።

ይህን ከዚያ ከማቀዝቀዣው ታሪክ ጋር አስተያዩት። በዚያኛው ሴትየዋ ዝም ትላለች፣ አንድ ወንድ ብቻውን ይናደዳል፣ ሌላ ደም ይፈሳል። በሲንቄ ግን የተበደለችው ራሷ ትጮኻለች፣ ብዙዎች ይደርሳሉ፣ በዳዩ ሳይገደል ይጠየቃል፣ እሷም ከነክብሯ ወደ ኑሮዋ ትመለሳለች። የበደሉ ጨለማ አልተካደም። ግን ብቻዋን አልተተወችም።

ሲንቄ ግን ለሁሉም ደርሳለች ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1996 እዚሁ አርሲ ውስጥ የ14 ዓመት ተማሪ ተጠለፈች፣ ተደፈረች። ለማምለጥ ስትሞክር ጠላፊዋን በራሱ መሣሪያ ተኩሳ ገደለችው። በነፍስ ግድያ ተከሰሰች። መዓዛ አሸናፊ ከመሥራቾቹ አንዷ የነበረችበት የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጠበቃ ቆመላት፤ ራሷን ስትከላከል የፈጸመችው ነው ተብሎም ነጻ ወጣች። በዚያን ጊዜ የነበረው ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ካገባት ከክስ የሚያመልጥበት ቀዳዳ ነበረው። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ያንን ቀዳዳ ዘጋ። ጠለፋን ከሦስት እስከ አሥር ዓመት ጽኑ እስራት የሚያስቀጣ አደረገ፤ ጋብቻ ቢፈጸምም ከተጠያቂነት አያድንም አለ።

በዚህ ታሪክ ላይ ተመሥርቶ ዘረሰናይ መሐሪ በ2014 "ድፍረት" የሚለውን ፊልም ሠራ፤ በውጭ አገር ትልልቅ የፊልም በዓላት ላይ የተመልካች ሽልማት አገኘ። ከዚህ የከበደ ጨለማ የለም። ግን ልጅቷ ለሌላ ሰው ቁጣ ማገዶ አልሆነችም፤ ታሪኩ የእሷ ነው፣ ጠበቃም ደረሰላት። ሆኖም አዲስ አበባ ላይ ፊልሙ ሊመረቅ በተዘጋጀበት ዕለት፣ የባለታሪኳ መብትና ፈቃድ ጉዳይ ተነስቶ በፍርድ ቤት እግድ ቆሞ ነበር። ይህም ትምህርት ነው። የሴትን መከራ ለበጎ ዓላማ ስንተርክ እንኳ ሴትየዋን መጠየቅ ግድ ነው። እኛም በቡና ላይ የጎረቤታችንን መከራ ስናነሳ ይህን እናስታውስ።

ከእኛ የወጡ ጀግኖች

ልጆቻችን ሌላ ምርጫ የላቸውም ማለት አይደለም። በሥራት ደበበ የተባለ ወጣት "እጣን ኮሚክስ"ን መሥርቶ በ2018 "ጀምበር" የሚል የልዕለ ኃያል ኮሚክ በአማርኛና በእንግሊዝኛ አወጣ። ጀግናው አማኑኤል ጥላሁን ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ አዲስ አበባ ውስጥ ሥራ የሚፈልግ ልጅ ነው። ስንቶቻችን ቤት እንዲህ ያለ ልጅ አለ! ቀጥሎ የመጣው "ሃዊ" ደግሞ ጀግናዋ ሴት ናት። ስሙ በኦሮምኛ ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አልነግርም። በውጭ አገር ያደገች ልጅ ከእናቷ ጋር ወደ ኢትዮጵያ ትመጣለች፣ እናቷ ትጠለፍባታለች። እዚያም የተጎዳች ሴት አለች። ግን የምትደርስላት ልጇ ናት።

ኮሚክ ባናገኝ ደግሞ የቦቆጂዋ ደራርቱ ቱሉ አለችልን። በ1992 ባርሴሎና ላይ አሥር ሺህ ሜትር ስታሸንፍ፣ ደቡብ አፍሪካ በዘር መድልዎ ምክንያት ለአሥርት ዓመታት ተገልላ ገና ወደ ኦሊምፒክ የተመለሰችበት ጊዜ ነበር። ደራርቱ ሁለተኛ የወጣችውን ነጯን ደቡብ አፍሪካዊት ኤላና ማየርን እጇን ይዛ አብረው ሜዳውን ዞሩ። ከኋላው ያለውን ጨለማ ለልጅ ሳይደብቁ ሊነግሩት የሚችሉት ታሪክ ይህ ነው።

እቤታችን ምን እናድርግ?

አሁን ወደ ሥራው እንምጣ። ከእያንዳንዳችን የሚጠበቀው ትንሽ ነው።

አንደኛ፣ በሥዕል የተሠራ ሁሉ የልጅ አይምሰለን። "ኢንቪንሲብል" የሚባል የካርቱን ተከታታይ አለ፤ የመጀመሪያው ክፍል መጨረሻ ላይ አንድ ጀግና ባልደረቦቹን አንድ በአንድ ይጨፈጭፋቸዋል። በ2019 የወጣው "ጆከር"ም በተሠራበት አገር ከ17 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ያለ ወላጅ ሲኒማ ገብቶ አያየውም። ፍላሽ ላይ ሲጫን ግን ዕድሜ የሚጠይቅ የለም። የሚጭኑት ወጣቶች የሰፈራችን ልጆች ናቸው፤ "ለስንት ዓመት ልጅ ነው?" ብለን በትሕትና እንጠይቃቸው።

ሁለተኛ፣ አንድ ጊዜም ቢሆን አብረን ቁጭ ብለን እንይ። ቋንቋው ባይገባን ልጁ ይተርጉምልን፤ ደስ ይለዋል። ሲያልቅ ያችን ሁለት ጥያቄ እንጠይቅ። ስትጮኽ ማን ደረሰላት? ከዚያ በኋላ እሷ ምን ሆነች? ስሟስ ማን ነበር? ልጁ መልስ ካጣ "አንተ ብትጽፈው እንዴት ትጨርሰው ነበር?" እንበለው።

ሦስተኛ፣ ልጁ እንቅልፍ ካጣ፣ ያየውን በታናሹ ላይ መሞከር ከጀመረ፣ ወይም ዝምታ ካበዛ፣ ያኔ ፊልሙን እናቁም። ሳንሰድብ፣ ሳናሳፍር። ምናልባት የሚረብሸው ፊልሙ ሳይሆን በእውን ያየው ነገር ሊሆን ይችላልና እንጠይቀው።

አራተኛ፣ በሳምንት አንድ ምሽት ስልኩን ወደ ጎን አድርገን በአማርኛም ሆነ በኦሮምኛ፣ ልጁ በሚያልምበት ቋንቋ ተረት እንንገር። ጅቡን አታስቀሩት።

አምስተኛው ከሁሉም ይከብዳል። ልጆቻችን ከፊልሙ ይልቅ የሚያዩት እኛን ነው። ከጎረቤት ግድግዳ ወዲያ የሴት ጩኸት ሲሰማ ቴሌቪዥኑን ድምፅ ከጨመርን፣ "የባልና ሚስት ጉዳይ ነው" ብለን በራችንን ከዘጋን፣ ልጁ ያን ምሽት ከየትኛውም ፊልም የጨለመ ታሪክ አይቷል። ተነስተን ከወጣን፣ ሁለት ሦስት ሆነን በሩን ካንኳኳን፣ የሚደርስ ሰው እንዳለም አይቷል።

ስለዚህ ለማኅበራችን አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። በየሰፈራችን ጩኸት ሲሰማ አብረው የሚወጡ ሦስት ሦስት ሴቶች ዛሬ ስማቸው ይመዝገብ። የማን ስልክ ለማን እንደሚደወል ይታወቅ። በቃለ ጉባኤው ላይም ይግባ። የመጀመሪያውን ስም እኔ አስመዘግባለሁ።

በረካው ደርሷል፤ ጥያቄ ያላችሁ ጠይቁኝ።